ጋሽ ጋውስ

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፊዚክስ ያስተማሩትን ሰውዬ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ተማሪው፣ ባልደረባው፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር «ጋሽ ጋውስ» ነው የሚላቸው።

ስሙ የወጣላቸው በግትርነታቸው ነው። በወጣትነታቸው ሲያስተምሩ የማግኔት ጉልበት የሚለካው በጋውስ ነበር፤ የአንድ የጥንት የሒሳብ ሊቅ ስም ነው። በኋላ አዲስ መጽሐፍ መጣና ጋውስን አስወጥቶ ቴስላ የሚባል የሌላ ሰው ስም አስገባ። አንዱ ቴስላ አስር ሺህ ጋውስ ነው። ጋሽ ጋውስ አሻፈረኝ አሉ።

«ፍሪጅ ላይ የምትለጥፏት ማግኔት ሃምሳ ጋውስ ብትሆን ነው» ይሉ ነበር ጠመኔውን እያወዛወዙ። «በቴስላ ስትጽፏት ግን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ እያለች ትጀምራለች። ልጅ ደግሞ ዜሮ ካየ ምንም የለም ብሎ ያልፋል!»

ርእሰ መምህሩ ቢመክሯቸው ወይ ፍንክች። ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን እየጻፉ ዘመናቸውን ጨረሱ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አረማመዳቸው ተበላሸ። እግራቸውን ማንሳት ትተው ወለሉን እየጠረጉ ይሄዱ ጀመር። ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ቁልፍ ይፈልጋሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ «እርጅና ነዋ!» ይላሉ፤ ውስጣቸው ግን ይብሰለሰላል። እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የገዛ ልጆቻቸውን መለየት አቅቷቸው ነበርና።

ልጃቸው ሆስፒታል ውስጥ ኤምአርአይ የሚባለው፣ በትልቅ ማግኔት የሰውን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን ባለሙያ ናት። ዶክተሩ የጭንቅላት ምርመራ ሲያዝ ራሷ ተቀበለቻቸው፤ ሰዓትና ቀበቶአቸውን አስወለቀቻቸው።

«ጉልበቱ ስንት ነው?» አሉ ማሽኑን ቀና ብለው እያዩ።

«አንድ ነጥብ አምስት ቴስላ።»

«አስራ አምስት ሺህ ጋውስ አትይም?»

«እሺ አባዬ፣ አስራ አምስት ሺህ ጋውስ። አሁን ተኛልኝ።»

ተኙ። አልጋው ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ይዟቸው ገባ። ጣሪያው አፍንጫቸው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ከጨነቀህ ጭመቀው ብላ ልጃቸው ያስያዘቻቸውን የጎማ ኳስ ሲጨምቁት ደወሉ ጮኸ።

ልጃቸው ሮጣ አወጣቻቸው። ላብ በላብ ሆነዋል።

«ዕድሜ ልኬን ማግኔት አስተምሬ ማግኔት ልፍራ?» አሉ ዓይኗን ሳያዩ። «ለሰው እንዳትነግሪ።»

«ጥበቱን ነው እንጂ ማግኔቱን መች ፈራህ? እኔም መጀመሪያ ስሞክረው አልቅሻለሁ።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የምፈራውስ እንደ አያትሽ እንዳልሆን ነው» አሉ።

«እኔም እሱን ነው የምፈራው፤ አብረን እንየው» አለች ላባቸውን እየጠረገች።

ሁለተኛ ሲገቡ ዓይናቸውን በፎጣ ሸፈነችላቸው። ማሽኑ እንደ መዶሻ መደብደቡን ጋብ ባደረገ ቁጥር ድምጿ በጆሮ ማዳመጫው ይመጣል።

«አባዬ፣ ቴስላ ብለው የሰየሙት እነማን ናቸው?»

«ከየአገሩ ተሰብስበው በጉባኤ ነው።»

«ሰውየው ደስ ብሎት ይሆናላ!»

«ምን ደስ ይለዋል? ስሙን ያወጡለት ከሞተ በኋላ ነው። አልሰማ፣ አላየ።»

ድብደባው እንደገና ጀመረ። ጋሽ ጋውስ በዚያ ጨለማ ውስጥ ስለ ሰውየው ሲያስቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑለት። ስንት ዓመት ሙሉ የተጣሉት ለካ ከአንድ ምስኪን ሙት ጋር ኖሯል! ሳቃቸው መጣ፤ እንዳይንቀሳቀሱ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

ዶክተሩ ውጤቱን የነገራቸው ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነው። የእናታቸው በሽታ አልነበረም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ በቀዶ ጥገና ቀጭን ቱቦ ገብቶ ወደ ሆድ እንዲፈስስ ይደረጋል። ቀዶ ጥገናው ተደረገ። እግራቸው ቀስ በቀስ ከወለሉ ተነሳ። መርሳቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ገበያ ይወጣሉ። አንድ ቀን ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ ሽንኩርት አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን ልገዛ ነበር የወጣሁት?» አሏት ተጨንቀው።

«ሽንኩርት» አለችና ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።