ዶማ የጨበጠው ተመራማሪ

ዛሬ እዚህ ጎጆ ከተማ አጠገብ ሳይንስን አሸነፍኩ! እሺ፣ ሳይንስን በሙሉ እንኳ አይደለም፤ አንድ ተመራማሪ ነው።

ዝናብ ሳይቀድመኝ ድንቼን ላወጣ ደቦ ጠርቻለሁ። ሥራ ልንጀምር ስንል ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ማሳው ዳር ቆመ።

«ደቦን ላጠና ነው። እንደሌለሁ ቁጠሩኝና ሥሩ» አለን።

የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ፈይሳ ደነገጡ። «እንግዳ ቆሞ እያየን እንዴት እንደሌለ ይቆጠራል? ሞቶ ነው እንዴ?»

ሥራው ቆመ። አንዱ በርጩማ ሊያመጣ ሮጠ፣ ሌላው እርጎ። የቀረው ሰው የእናት አባቱን ጤና ይጠይቀዋል።

«ኧረ ተዉኝ! ስትሠሩ ነው ማየት የምፈልገው!» ይላል። ደመናው ደግሞ በጭልሞ ጫካ በኩል እየጠቆረ ነው።

ይኼኔ ዶማ አቀበልኩት። «ወንድሜ፣ ደቦ ላይ የቆመ እንግዳ ነው፤ የቆፈረ ግን የቤት ሰው ነው። ምረጥ!»

ጃኬቱን አውልቆ ገባ። ወዲያው ዘፈኑም ቀልዱም መጣ። «አንተ! ድንቹን አውጣ እንጂ አትክተፈው!» ተባለ። ድንቼ ሳይረጥብ ቤት ገባ!

«አሁን ገና ደቦን አየሁ፤ ግን በየትኛው እጄ ልጻፈው?» አለኝ፣ የተላጠ መዳፉን እያሳየኝ።

ድንች ቆመው ቢያዩትም ያው ድንች ነው። ሰው ግን ሲያዩት ይለወጣል።

እናንተ ጋስ ሊያጠና መጥቶ ሠራተኛ ሆኖ የተመለሰ አለ? ጻፉልኝ፤ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ አነባለሁ!

ብቻ ዶማውን ያቀበለችውም፣ «ምረጥ!» ያለችውም ባለቤቴ ጫልቱ ናት። ሰኞ እሷም የማታ ትምህርት ትጀምራለች፤ ማንበብ ችላ ይህን ሳታየው ብናዘዝ ይሻለኛል።