የፈቲያ አረንጓዴ ክብ

ቡራዩ ውስጥ ፈቲያን የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ፈቲያን የማያውቅ ስልክ ግን የለም። ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ ባለችው ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ ቁጭ ብላ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የምትጭነው እሷ ናት። መርካቶ የነበረው የእናቷ ቤት ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣችው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኮምፒውተር ጀምራ አቋረጠች። ለምን አቋረጠች ሲባል አንዱ «ፍቅር ነው» ይላል፣ ሌላው «አስተማሪውን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ስላረመችው ነው» ይላል። ምላሷን የሚያውቅ ሁለተኛውን ያምናል።

በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ ገፈርሳ ሜዳ ላይ የሙዚቃ በዓል ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ኦቦ ቦጂያ ናቸው። ሰውዬው ደግ ናቸው፣ ግን ፎቶ ይወዳሉ። ለበዓሉ ዌብሳይት አሠርተው ነበር፣ አዲስ አበባ በሚኖር በእህታቸው ልጅ። ስትከፍተው መጀመሪያ የሚመጣው ኦቦ ቦጂያ ናቸው፣ በክራባት። ቀስ እያሉ ከጸጉራቸው ጀምረው ወደ ታች ይመጣሉ። ካርድህ ሲያልቅ እሳቸው ገና አገጫቸው ጋ ናቸው! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው።

ፈቲያ ይሄንን እየሳቀች፣ እያስመሰለች ለሰው ስታወራ ወሬው ኦቦ ቦጂያ ጆሮ ገባ። ኮንቴይነሯ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የምታሾፊብኝ?»

«እርስዎ ላይ አይደለም ኦቦ ቦጂያ። ዌብሳይቱ ላይ ነው። ሰው ከፍቶት የሚያገኘው እርስዎን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማንን ሊፈልግ ነው?»

«መንገዱን! ሰዓቱን! የመጨረሻው ታክሲ መቼ እንደሚወጣ!»

«ፎቶዬስ?»

«ከታች አደርግልዎታለሁ። በትንሹ፣ እንደ መታወቂያ።»

«ማሎ! ተፈላጊ ልታስመስዪኝ ነው እንዴ?»

ግን ሥራውን ሰጧት። እሷም ሥራ ያለችው ይሄ ነው፦ ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አይሄድም። «አምና በዓሉ ላይ ምን ቸገረህ?» የሱሉልታ ልጆች፣ «ማታ ታክሲ አጥተን በእግራችን ሄድን» አሉ። ሴቶቹ፣ «ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ማን ይንገረን» አሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ከኦሮምኛው ዘፋኝና ከአማርኛው ማን ይቀድማል? እሱን አውቄ ነው የምመጣው» አሉ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈችው። ስትጽፍ ድምፃቸውን እያስመሰለች ነበር፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል።

ከዚያ አዴ ዱርሲቱ መጡ። መናገሻ ነው ቤታቸው፣ በዓሉ ላይ የተቆላ ባቄላ ይሸጣሉ። ልጃቸው ብርቅዬ የተወችላቸውን አሮጌ ቴክኖ ይዘው ዘፈን ሊያስጭኑ ነው የመጡት።

«አምና ምን ቸገረዎት አዴ?»

«አምናማ በማግስቱ መጣሁ።» ራሳቸው ሳቁ። «አንድ ጆንያ ባቄላ ቆልቼ እሑድ ዕለት ሜዳው ላይ ከላም ጋር ዋልኩ። ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። ጽሑፉን ለሌላው ጻፊለት። ለእኔ አለ ወይስ የለም፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ፣ እሱን ብቻ አሳዪኝ።»

ፈቲያ ይሄን ስትሰማ ማስመሰሉን ተወች። ሁለት ሳምንት ሠራችበት። አዲሱ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ትልቅ ክብ ነው። በዓሉ ሲቀርብ ክቡ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አረንጓዴ ይሞላል። ሙሉ ሲሆን፣ ዛሬ ነው፣ ተነስ ማለት ነው። በዓሉ ከተሰረዘ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ኔት ውድ ስለሆነ ገጹን ከዘፈኑ ጋር ሜሞሪ ላይ ትጭንልሃለች። ቀኑን ከስልኩ ያነባል፤ አረንጓዴው ኔት አይፈልግም። ኔት የሚፈልገው ቀዩ ብቻ ነው።

የአዴ ዱርሲቱን ሜሞሪ የከተተችው በገዛ እጇ ነው። የስልኩን ጀርባ ስትከፍት ሲም ካርድ የሚገባበት ቦታ ባዶ ነበር። ስልኩ ለዘፈን ብቻ ነው። አየችው። አይታ ከደነችው።

ገጹ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ልጆቹ ያለ ኔት፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይላላኩታል፣ ከሰበታ እስከ ጫንጮ ደረሰ። ኦቦ ቦጂያ እንኳን ከታች ያለችውን ትንሽ ፎቷቸውን ለሰው እያሳዩ፣ «ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ትልቅ ሰው ከታች ነው የሚቀመጠው» ማለት ጀመሩ።

ዓመቱ ግን የበዓል ዓመት አልነበረም። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ቆይቷል፤ ቁጣው ግን አልቀረም። የ2009 መስከረም ማለቂያ ላይ መንገዱ ድንጋይ ሆነ። በሰበታ በኩል ጭስ ታየ። ረቡዕ ዕለት የስልክ ኔት ጠፋ፤ የሚሠራው ጥሪ ብቻ ነው። ሐሙስ ኦቦ ቦጂያ ኮንቴይነሯ ጋ መጡ፤ ክራባት የለም።

«ቀዩን አድርጊው ልጄ።»

«አድርጌዋለሁ። አይሄድም።»

«ምን ማለት ነው አይሄድም?»

«ኔት የለም ኦቦ። ቀዩ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ሰው ኪስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነው።»

ያን ቀንና ዓርብ ሙሉ ፈቲያ ታክሲ ማዞሪያው ላይ ቆማ ስልክ ለመነች። «ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ አንድ ደቂቃ ነው!» በእጇ፣ አንድ በአንድ፣ ቀዩን ጫነች። አንዳንዱ፣ «ይቺ ደሞ ምን አበደች» አለ። ቁጥራቸውን ለምታውቃቸው ሁሉ ደወለች። የአዴ ዱርሲቱ ስልክ ቁጥር የለውም። ዓርብ ከሰዓት በእግሯ ወደ መናገሻ ተነሳች፤ ገፈርሳ ላይ መንገዱ ተዘግቷል ብለው መለሷት።

ቅዳሜ ጠዋት በየስልኩ ክቡ ሞላ።

ብዙ ሰው ቀርቷል፤ ዓይን ያለው ሰው መንገዱን አይቶ ነው የሚቀረው። አዴ ዱርሲቱ ግን አምና አንድ ቀን አርፍደዋል፤ ዘንድሮ ሊያረፍዱ አልፈለጉም። ገና ሳይነጋ ባቄላቸውን አዝለው በጫካው አቋራጭ መጡ። ሜዳው አፋፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሰው ሮጠ። ማን እንደጣላቸው የሚያወራው ብዙ ነው፣ ያየ ግን የለም። ጭንቅላታቸው መንገዱ ላይ ባለው ድልድይ ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው፤ ነፍሳቸው ተርፋለች፣ ግን ከአልጋ አልተነሱም።

ሰው ሁሉ፣ «ኔቱ ባይጠፋ ኖሮ» ይላል። ፈቲያን ለማጽናናት ነው። እሷ ግን ያቺን ባዶ የሲም ቦታ ታስታውሳለች። ኔት ቢኖርም ቀዩ እዚያ ስልክ ላይ አይደርስም ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ማስመሰልም ጨርሶ ተወች፤ ወረፋ የያዘው አይስቅም።

ኅዳር ላይ ብርቅዬ መጣች። ቴክኖውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች» አለች። «እዪው፣ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው።»

እውነቷን ነው። በዓሉ ሲያልፍ ክቡ ምን እንደሚሆን ፈቲያ አልጻፈችለትም።

«ታየውና፣ ዛሬ ነው ብላ ልትነሳ ትታገላለች። ባቄላ አምጪ ትላለች። እግሯ አይሸከማትም፣ ትወድቃለች። ቀይ አድርጊልኝ።»

አደረገችላት።

በአሥረኛው ቀን ብርቅዬ ተመልሳ መጣች፤ ፊቷ ከስቷል።

«ቀዩን ካየች ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አትበላም። አታናግረኝም። አረንጓዴውን መልሺላት።»

«ብትወድቅስ?»

«ትውደቅ! ስትወድቅ አነሳታለሁ። አሁን ምኗን ላንሳ?»

ፈቲያ የስልኩን ጀርባ ከፈተች። ባዶው ቦታ እንዳለ ነው። ሜሞሪውን አውጥታ አረንጓዴውን ጫነች፤ ከንግዲህ ምንም ነገር እንዳይቀይረው ቀይ የሚያደርገውን የኮድ መስመር ከውስጡ አጠፋችው። ከፍታ አየችው፤ ክቡ ሞልቷል፣ ከታች ኦቦ ቦጂያ በክራባት ናቸው።

«ገለቶሚ» ብላ አመሰገነቻት ብርቅዬ። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች፤ ነገ ጠዋት እናቷ ሳትነቃ ስልኩ ትራሷ ጋ መድረስ አለበት።