ግድግዳውን በቃሏ የያዘችው ለጣፊ

አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መሥሪያ ቤት የሚሠራው ብራውዘር ነው። ብራውዘር ማለት በስልክ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት በር ነው። ይችን አንዲት በር ሠላሳ ሰው ሆነው ይሠሯታል። ሁለት ዓመት ሞላቸው፤ እጀታዋ የት ይሁን በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም።

ይህን ገመና የሚያውቁት እነሱና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ጓደኞቿ «ለጣፊዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። የትልቁ ክፍል ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀት ነው፤ በየወረቀቱ ላይ የስልክ ሥዕል፣ በየሥዕሉ ላይ ደግሞ ቢጫ ብጣሽ ተለጥፎበታል። ሙጫው የሰነፍ ሙጫ ነው። ሰዎቹ መስኮት ከፍተው ይወጣሉ፣ ጠዋት ሲመጣ ግማሹ ግድግዳ መሬት ላይ ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን መሬት ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠርጋ ጣለችው። ጠርጊ ተብላ ነው የተቀጠረችው፣ ጠረገች። የተጮኸባት ጩኸት ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው አሉ። የተማሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ዋሉ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን በቃሏ ያዘችው። ምን ታድርግ? ከመውጣቷ በፊት ቆማ ታጠናለች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገብታ የወደቀውን እያነሳች በየቦታው ትመልሳለች። ሦስቱ ነጥቦች ከላይ በስተቀኝ። መዝጊያዋ ኤክስ ከነሱ በታች። ጣትና ሰዓት የተሳለባት ቢጫ ብጣሽ ደግሞ ከመደመር ምልክቷ ጎን። ይህችኛዋ የተረገመች ናት፣ በሳምንት ሦስቴ ትወድቃለች። ምን ማለት እንደሆነች ለጣፊዋ ያወቀችው ስኒ ስትሰበስብ ሲጨቃጨቁ ሰምታ ነው። በስህተት የዘጋውን ገጽ መመለስ የፈለገ ሰው፣ መደመሯ ላይ ጣቱን አሳርፎ ሁለት ሰከንድ ይይዛል። ይህን ለሰውየው ማን ይነግረዋል? ጭቅጭቁ እሱ ነበር።

ተጨቃጫቂዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኃላፊው ነው፤ አፉን ሲከፍት «ንጹህ ይሁን» ነው የሚለው። ስክሪኑ ንጹህ ይሁን፣ ፊደል ይጥፋ፣ ቁልፉ ይደበቅ። የጽዳት ሠራተኞቹ «አቶ ንጹህ» ይሉታል፤ ስኒው ውስጥ ሻጋታ ካላበቀለ አያስነሳም። ሁለተኛዋ ባለ መነጽር ቀጭን ልጅ ናት። አሁን ሰው እጅ ላይ ባለው አሮጌው ብራውዘር ላይ «የዘጋሁትን መልስ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሱ አይነካ ትላለች።

«ጽሑፍ ያቆሽሻል» ይላል አቶ ንጹህ።

«ሰው ይጠፋዋል» ትላለች።

«ይለምደዋል።»

«እስኪለምደውስ?»

ለጣፊዋ ወለሉን እየወለወለች በሆዷ ለልጅቷ ትፈርዳለች። ምክንያቷ ቤት ተኝቷል። ባሏ ዕቃ ጫኝ ነበር፤ አንድ ቀን ፍሪጅ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ጀርባው ቀጭ አለ፣ ፍሪጁ ተረፈ፣ እሱ ተኛ። አሁን ዓለምን የሚያየው በዚያች ስልክ ነው። አውራ ጣቱ ግን ፍሪጅ ሊይዝ እንጂ ስልክ ሊነካ አልተፈጠረም። አንዱን ሲነካ ሦስት ይነካል።

«አንቺ ሴትዮ! ጠፋ!»

«ደግሞ ምኑ ጠፋ?»

«የማነበው ነዋ! ሰውየው ፍርድ ቤት ቆሞ ሊፈረድበት ሲል ድርግም!»

«ከታች የተጻፈውን ንካው።»

«የዘጋሁትን መልስ… እ! መጣ። እጁ ይባረክ ይህን የጻፈ።»

በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ነው። ሃያ ጊዜ ይረግማል፣ ሃያ ጊዜ ይመርቃል።

ሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪው አምስቱን የጽዳት ሠራተኞች ምድር ቤት ሰበሰባቸው። እሱንም «ሰዓት» ይሉታል፤ ሲያወራ ሰው አያይም፣ የእጅ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

«ከአምስታችሁ ሥራ ላይ የሚቆዩት ሁለት ናቸው» አለ ለሰዓቱ። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚቆዩትን ስም እጠራለሁ።»

የለጣፊዋ ቤት ደግሞ የቆመው በባልዲዋ ነው። ሌላ ገንዘብ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም፣ ሆድ ይፍጀው ብላ።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው ደረጃ ላይ አስቆማት።

«አምስተኛ ፎቅ ለሙከራ ሰው ይፈልጋሉ። አንቺን ሰጠሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ተራ ሰው። ምንም የማያውቅ። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አለቃ።»

«ስሚ» አለ ሰዓቱን እያየ። «ኃላፊው ደስ ካለው ስምሽ አንደኛ ነው። ቅር ካለው ግን እኔ የለሁበትም። በሩ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

የመስታወቷ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቧት። ስትወለውላት ነው እንጂ ቁጭ ብላባት አታውቅም። ካሜራ ተደቅኗል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ስልክ አለች። ባለ መነጽሯ ደብተር ይዛ ማዶ ተቀምጣለች። አቶ ንጹህ ጎንበስ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ። ውሃ ይፈልጋሉ?»

ለጣፊዋ እዚህ ላይ ነው በእውነት የፈራችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሏት የማያውቅ ሰው «እርስዎ» ሲላት ደሟ ቀዘቀዘ። አንቱታ እንዲህ በድንገት የሚመጣው ሰው ሊሞት ሲል ነው።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ።

«ኧረ ምንም፣ እትዬ። የምንፈትነው አንቺን አይደለም፣ ስልኩን ነው።»

ለጣፊዋ ስልኩን አየችው፤ ምንም የተጨነቀ አይመስልም። ላብ ያሰመጠው እሷን ነው።

«አምስተኛዋ ሰው ነዎት» አለ አቶ ንጹህ። «ከአራቱ ሁለቱ አግኝተውታል፣ ሁለቱ አላገኙም። እርስዎ ይለዩናል። ካገኙት ጽሑፉ ዛሬውኑ ይነሳል።» ባለ መነጽሯን ፈገግ ብሎ አያት። እሷ ደብተሯን አየች።

ስልኳ ተከፈተች። ለጣፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። ግድግዳው ነው! ሦስቱ ነጥቦች ከላይ በስተቀኝ፣ ኤክሷ ከታች፣ መደመሯ በቦታዋ። ያቺ ቢጫ ብጣሽ ብቻ ናት የሌለችው።

«አንድ ገጽ እያነበቡ በስህተት ዘጉት እንበል» አለ አቶ ንጹህ ገጹን ዘግቶ። «ይመልሱት። እኛ አንረዳዎትም። ጊዜ አለዎት።»

የካሜራዋ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። ከመስታወቱ ውጭ ሰዓት ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰዓቱን ያያል። ለጣፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች። አላውቅም ብትል ልጅቷ ታሸንፋለች፣ እሷ ከነባልዲዋ ትወጣለች። ብታውቅ ኃላፊው ደስ ይለዋል። የምታውቀው ከየት እንደሆነ ደግሞ ማን ይጠይቃል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ጣቷን አነሳች። መደመሯ ላይ አሳረፈችና ያዘች። አንድ። ሁለት። የተዘጋው ገጽ ተመልሶ ዱብ አለ።

አቶ ንጹህ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አያችሁ! አያችሁ! አሥር ሰከንድ እንኳን አልሞላም! እንዴት አወቁት?»

«እንዲሁ» አለች ለጣፊዋ።

«እንዲሁ! ተሰማ? እንዲሁ ነው ያወቀችው!» አንቱታው በደስታ ብዛት ወደቀ። «ጽዳት እንኳን በአሥር ሰከንድ አገኘችው፣ እናንተ ሰው ይጠፋዋል ትሉኛላችሁ!»

ሮጦ ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ በነጠላ ጫማው እየተንጠራራ ከግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ያዘ። «የዘጋሁትን መልስ» የሚለው የተጻፈባት ወረቀት ናት። አንዷን ጥግ ላጠ። ሰዓት በሩ ላይ ሆኖ ለለጣፊዋ አውራ ጣቱን ቀሰረላት። ሥራዋ ዳነ ማለት ነው። ባለ መነጽሯ ግን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

ለጣፊዋ ደስ ሊላት ሞከረች። አልሆነም። ጆሮዋ ውስጥ «አንቺ ሴትዮ! ጠፋ!» የሚል ድምፅ ገባ። ከነገ ወዲያ ከታች የተጻፈ ነገር የለም። መደመሯን ያዝ ብላ ትነግረው ይሆናል፤ ሚስቱ የግድግዳ ለጣፊ ላልሆነችውስ ሰው ማን ይነግረዋል? ስንት አውራ ጣት አለ በዚህ አገር?

ብድግ ብላ ወጣች።

«ጌታዬ፣ አይላጡት።»

«ምን አልሽ?»

«እንዲሁ አይደለም ያወቅኩት። ከዚህ ነው።» ግድግዳውን አሳየች። «ያቺ ጣትና ሰዓት ያለባት ብጣሽ በየጊዜው ትወድቃለች። እኔ ነኝ የምመልሳት። እዚህ ያለውን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።»

የአቶ ንጹህ እጅ ወረቀቷ ላይ እንዳለ ቀረ። የሰዓት አውራ ጣት ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ?» አለ ኃላፊው። ፊቱ ጠቆረ። «ገና ያልወጣ ሥራችንን አንዲት ጽዳት በቃሏ ይዛዋለች?»

«በቃሌ ባልይዘው ግድግዳም አይኖራችሁ ነበር። ሙጫችሁን አይታችሁታል?»

ከወዲያ አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው።

«ሙከራው ተበላሸ!» አለ አቶ ንጹህ። «አታለልሽን!»

«አታለልኩ» አለች። «ሥራዬን ፈርቼ ነው። ይኸው ተናገርኩ።»

ባለ መነጽሯ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ድምጿ ጠንክሯል። «አምስተኛ ሰው እንፈልጋለን እንግዲህ። ግድግዳውን አይቶ የማያውቅ።» ዞር ዞር አለችና በሩ ላይ አቆመች። «ይቅርታ፣ እርስዎ ስንት ጊዜ እዚህ ፎቅ ገብተዋል?»

«እኔ?» አለ ሰዓት። «እስከ በሩ ነው።»

«ተራ ሰው ይሆኑልናል?»

«ተራ እንኳን አይደለሁም» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ግን ኢንተርኔት ለእኔ ውሃ መጠጣት ነው። አምጡት።»

ለጣፊዋን ሂጂ ያላት የለም። ባልዲዋ አጠገብ ቆማ በመስታወቱ አየችው። አቶ ንጹህ ገጹን ዘጋና ይመልሱት አለ። ሰዓት መጀመሪያ ሳቀ። ሦስቱን ነጥቦች ነካ። ያልፈለገው ነገር ወጣ። ኤክሷን ነካ፣ ሌላ ገጽ ተዘጋ። መለስ አለ፣ ቀልበስ አለ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ቻርጅ አለው?» አለ።

«አለው።»

እንደገና ነካካ። በአራተኛው ደቂቃ ቋንቋው ማንም ወደማያውቀው ቋንቋ ተቀየረ። ላብ ከግንባሩ ስልኩ ላይ ጠብ አለና ላቡ ራሱ አንድ ነገር ከፈተ። መደመሯን አሥር ጊዜ ነካት፣ አንዴም አልያዛትም። ዕድሜ ልኩን የሚያየውን ሰዓት አንዴ እንኳን አላየም።

«ስልኩ ተበላሽቷል» አለ በሰባተኛው ደቂቃ።

አቶ ንጹህ ቀስ ብሎ ወጥቶ የላጣትን ጥግ በመዳፉ ተጫናት። አልያዘችም። ሁለተኛ ተጫናት። ለጣፊዋ ሄዳ በትክክለኛው መንገድ ለጠፈችለት፤ ከላይ ወደ ታች፣ አየር ሳይገባ።

«ጽሑፉ ይቆያል» አለ፤ ለማን እንዳለው አይታወቅም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ ፎቅ እንዳላይሽ።»

ባለ መነጽሯ «እንዴ!» አለች። እሱ ግን ቢሮው ገብቶ በሩን ዘግቶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ስም ተጠራ። ሁለት ስም። ሁለቱም የሌሎች ነው። ሌሎቹ ያልተጠሩት ሁለት ዕቃቸውን ይዘው ወጡ፣ አንዷ እያለቀሰች። ለጣፊዋ ጓንቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ባሏን ምን ብላ እንደምትነግረው ጓንቱ ኪሷ እስኪገባ ድረስ ሦስት ዓይነት አሰበችና ሦስቱንም ጣለቻቸው።

«አንቺ ቆዪ» አለ ሰዓት። ሁሉም እስኪወጡ ጠበቀ። «ደረጃው የሚጠርገው ሰው የለውም። ዘጠኝ ፎቅ። የተጠሩትን ሁለቱን ጠየቅኋቸው፣ ጉልበታችን አሉ።»

«ደሞዙ?»

«ያው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነገ።»

ለጣፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እሺ አለቃ።»

ሰዓት አልሄደም። በሩን አየ፣ ኮሪደሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ… የት ነበር?»

«መደመሯ ላይ። ጣትህን አሳርፈህ ትይዛለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመለስልህ።»

ሰዓት የራሱን አውራ ጣት ገለባበጠና አየው።

«ይህን ማን ያውቃል?» አለ በንዴት።

«ማንም አያውቅም» አለች ለጣፊዋ፣ ባልዲዋን እያነሳች።