ነጥብ የሌለው ሳህን

ዴልማር ራስክ የወረዳችንን የጠጠር መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት በግሬደር ሲደለድል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እዚህ ምሥራቅ ሞንታና ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ ሲያጋጥም ሰዉ "ዴልማር ያለፈበት ነው" ይላል። ዓይኑ ውሃ ልክ ነው ይባልለት ነበር፤ እሱም ሲሰማ አይክድም። ወሬ አያበዛም። ሚስቱ አይዴላ፣ ከሠርጋችን ወዲህ የተናገረው ሁሉ ቢጻፍ ከአንድ ደብተር አያልፍም ትላለች፤ ያውም ግማሹ ስለ ጠጠር ነው።

ጠመንጃውን የገዛው በተጋቡበት ዓመት ነው። ከምላጩ ስር ያለው እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ወደ ላይ ሲመለስ ቀለሁን ተፍቶ አዲስ ጥይት የሚጎርስ፣ እኛ ዘንድ በየቤቱ የማይጠፋ ዓይነት ነው። ጠመንጃው አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር የለውም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ብረት በኋለኛው ማነጣጠሪያ ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ ማየት ነው። የአጋዘን አደን ወቅት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ዕለት፣ ቤተሰቡ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ጀርባ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ይወርዳል። አምቡላንስ ላይ የምትሠራው ልጃቸው ኮራሊ ኢላማ ትሰቅላለች። ዴልማር ሦስት ጥይት ይተኩሳል፣ ሄዶ ያያል፣ "ይበቃል" ይላል። አይዴላ ፒካፕ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጣ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ትሞላለች። ከዚያ የእንቁላል ሳንድዊች ተበልቶ ወደ ቤት።

አንድ ዓመት ዴልማር ከአደን ባዶ እጁን ተመለሰ። አጋዘኖቹ መንገድ ቀይረዋል አለ። ማንም አልተከራከረውም።

በቀጣዩ ጥቅምት የሜዳው ተረኛ እኔ ነበርኩ። ተረኛ ማለት ቀይ ባንዲራ ይዞ ተኩሱን የሚያስጀምርና የሚያስቆም ጡረተኛ ነው። የራስክ ቤተሰብ ኢላማ የወረቀት ሳህን ነው። ኮራሊ መሐሉ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ጥቁር ነጥብ ስላበት በትልቅ ካርቶን ላይ ቸነከረችው፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል።

ዴልማር ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ ሦስት ተኮሰ። ባንዲራውን ሰቅዬ ሄደን አየን። አንዱ ከሳህኑ በስተግራ የካርቶኑን ጠርዝ በስቶታል። ሁለቱን ፈልገን አጣናቸው።

ማነጣጠሪያው ተገፍቷል አለ። ትንሽ መዶሻና የናስ ዘንግ አውጥቶ የኋለኛውን ማነጣጠሪያ መታ መታ እያደረገ ወደ ቀኝ ወሰደው። ሦስት ደገመ። ካርቶኑን እንኳ አልነካም። ጥይቱ ነው የተበላሸው ብሎ ሌላ ፓኮ ከፈተና ሦስት ሠለሰ። ያም አልሆነም። አሁን ደግሞ ነፋሱ ነው አለ። ባንዲራዬ እንደ ወጥ ቤት ጨርቅ ተንጠልጥላለች። እንዳታሳጣው ወደ ኋላዬ ደበቅኳት።

ኮራሊ እስቲ ልሞክረው ብላ ተቀበለችው። ሦስቱም ጥይቶቿ አንድ ስኒ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፉ፤ ግን ከሳህኑ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ። ዴልማር እስኪነካካው ድረስ ጠመንጃው ደህና ነበር ማለት ነው። ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ዴልማር ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

"ወደ ቀኝ ትስቢያለሽ" አላት።

"እሺ አባዬ።"

ያን ጊዜ የፒካፑ በር ተከፈተ። አይዴላ የማንበቢያ መነጽሯን ኪሷ ከትታ ወረደችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያደገችው ከብት እርባታ ውስጥ ነው፤ ጠመንጃ ስትይዝ ግን አንዳችንም አይተናት አናውቅም። ሦስት ተኮሰች። ስንሄድ ቀዳዳዎቹ ከኮራሊ ቀዳዳዎች ጋር ተደባልቀው የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

"መተኮስ ትችያለሽ እንዴ?" አለ ዴልማር።

"አዎ።"

"አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

እሷና ኮራሊ ሳህኑን ቀይረው ሲመለሱ፣ አይዴላ በል አንድ ሞክር አለችው። ዴልማር አነጣጠረ። ብዙ ቆየ።

"ነጥቡ ይታይሃል?" አለችው።

"ጥርት ብሎ።"

"ጥቁሩ ነጥብ?"

"ጥቁሩ ነዋ። መሐሉ ላይ።"

"ሳህኑ ነጥብ የለውም፣ ዴልማር።"

አልተኮሰም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደረደራቸው። ኮራሊ ኮረብታውን ማየት ጀመረች። እኔም ባንዲራዬን መረመርኩ።

ዴልማር አይዴላን መቼ እንዳወቀች ጠየቃት። በግንቦት፣ የጎረቤታቸውን የመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥን በትራክተር የገጨ ዕለት መሆኑን ነገረችው። ሳጥኑ ያለ ቦታው ነበር የቆመው አለ። ሃያ ዓመት እዚያው ነው የቆመው አለችው። የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ ለረቡዕ ቢሊንግስ ከተማ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ ብላ ጨመረች።

"ቅዳሜ አደን ይከፈታል እኮ" አለ።

"አውቃለሁ። ፈቃድ አውጥቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለራሴ።"

በኋላ እኔን እንዳጫወተኝ፣ በዚያች ሰዓት ያሰበው ስለ አጋዘን አልነበረም። ሰው ስሙን የሚያነሳው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑ ከሄደ ምን ይሉኛል ብሎ ነው የፈራው። ይህን ሲነግረኝ ወደ መሬት እያየ ነበር።

ያን ቀን ግን መዶሻውን አንስቶ ለአይዴላ ሰጣት። ማነጣጠሪያው ላይ ያለችውን ስስ ምልክት እሱ ማየት አልቻለም። አጠገቧ ተጎንብሶ መንገር ጀመረ።

"አትምቺው። አንኳኪው፤ ሰው የተኛበት ቤት እንደምታንኳኪ።"

አንኳኳች። ኮራሊ ነጥብ ያለው ሳህን ሰቀለች። አይዴላ ሦስት ተኮሰች፤ ሦስተኛው የነጥቡን ጠርዝ ነካ። ዴልማር ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ "ይበቃል" አለ።

አደኑ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ከወንዙ በላይ ያለው ሸለቆ ውስጥ ዴልማርና አይዴላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ኮራሊ ከኋላ። ዴልማር ኮሽታውን ቀድሞ ሰማና የሚስቱን ጉልበት በጣቱ ነካ። ከዛፎቹ መሐል ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጣ። አይዴላ አንዴ ተኮሰች፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ኮራሊ፣ አባዬ የጓንቱን ጀርባ በዓይኑና በአፍንጫው ላይ አሳልፏል ትላለች። እሱ ብርድ ነበር ይላል።

ሞራው በታኅሣሥ ተገፈፈለት። የተሸፈነው ዓይኑ በተፈታ ዕለት ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ባለፈው በጋ ራሱ ያጠረውን አጥር አየ። የአጥሩ ሰማንያ ምሰሶ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ለምን ማንም አልነገረኝም አለ፤ አይዴላም ሾርባው ይቀዘቅዛል አለችው። በሚያዝያ፣ መሬቱ ገና ከክረምቱ ውርጭ በቅጡ ሳይፈታ፣ ሰማንያውን ነቅሎ እንደገና ተከላቸው። ማንም አጥሩን አስተካክል ያለው አልነበረም።

በተከታዩ የአደን ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አይዴላ ሳህን እያጠበች ዴልማር አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

"ጠመንጃውን ለነገ ታውሺኛለሽ?"

"እስከ እኩለ ቀን" አለችው። "ከዚያ በኋላ እፈልገዋለሁ።"