ሽማግሌዎቹ ያረሙት ሰርጓጅ መርከብ

ትናንት ከሰዓት አክስቴን ልቀበል ኤርፖርት ሄጄ... ዝናቡ አውሮፕላኑን አዘግይቶት አመሻሽ ላይ ተመለስን። አክስቴ ከግቢው በር ጀምራ እየጮኸች ገባች። እኔ ሻንጣዋን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ሳሎን ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን ሲያዩ ግን... ፈገግታ እየታገላቸው ነበር።

ሽማግሌ ፈገግታውን ሲደብቅ አንድ ነገር ነክቷል ማለት ነው። ከልምድ ነው የምላችሁ።

ለማታውቁ፣ አባዬ ባለፈው ሳምንት አረፈ። ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ነርስ ነበር፤ ጋምቤላ ወደ ቤታችን የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ታመመ፣ ተኛ፣ በቃ። ስለሱ ብዙ ማውራት አልችልም። ስለ መርከቡ ግን እችላለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባው ወደ አገሩ ሲመለስ «ለልጅህ» ብሎ ትልቅ ካርቶን ትቶለት ነበር። ውስጡ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው። ሲያልቅ የባሕር ወለል ይሆናል። ኮራል አለው፣ ኦክቶፐስ አለው፣ ሻርክ፣ ብርቱካንማ ሰርጓጅ መርከብ፣ አንድ ጠላቂ ዋናተኛ። በእኔ ዕድሜ ትንሽ ያሳፍራል። አባዬ ግን እንደ ሕፃን ወደደው፤ ለእሱ ስል ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንገጥም ነበር። አባዬ መመሪያውን አያይም። የሰው ልጅ ሲሰፋ የኖረ ሰው ፕላስቲክ አያቅተውም ባይ ነው። አቃተው። ከኋላ መሆን ያለበትን ፕሮፔለር መርከቡ አፍንጫ ላይ ተከለው። ኦክቶፐሱን ጣሪያው ላይ እንደ ዲሽ ሰቀለው። ጠላቂውን ሻርኩ ጀርባ ላይ እንደ ፈረሰኛ አስቀመጠው። መርከቡ እንዲህ ከሆነ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው ብዬ ስስቅበት፣

«ይሂድ። ረስተነው የመጣነው ነገር ካለ ያመጣልናል» አለኝ።

ግማሹ ተሠርቶ፣ ግማሹ ሳይሠራ ቡፌው ላይ ቀረ። ፎቶ አላነሳሁትም። ሲያልቅ አንስቼ እዚህ ልለጥፈው ነበር።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት ታውቁታላችሁ። ሰው ምንም እንድትሠሩ አይፈቅድላችሁም። ውኃ የሚቀዳው ሌላ፣ ሳህን የሚያጥበው ሌላ። ኤርፖርት እንድሄድ የተፈቀደልኝም አክስቴ ስትመጣ የእኔን ስልክ ብቻ ስለምታነሳ ነው። እኔ እንደወጣሁ ሦስቱ የሰፈራችን አዛውንት ካርታ መጫወት ሰለቻቸው።

አንደኛው ጋሽ ታደለ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲደርሳቸው መጀመሪያ ፊደሉን ያርማሉ፣ ከዚያ ነው ማን እንደሚያገባ የሚያዩት። ሁለተኛው ባለሱቁ ሐጂ ሙሳ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ። ሦስተኛው ጋሽ ኦሞድ፣ ባሮ ላይ ጀልባ ሲነዱ ያረጁ፤ ስለ ዓሣ የማያወሩበት ቀን ጾም ይመስላቸዋል።

እነዚህ ሰዎች ሁለት ጎረቤት ለማስታረቅ ክረምት ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ይሰበሰባሉ። መርከቡን ግን በአንድ ከሰዓት ጨረሱት።

ጋሽ ታደለ መመሪያውን ይዘው ሥራ እንዳከፋፈሉ በኋላ ተነገረኝ። ሐጂ ሙሳ ጡቦቹን እንደ ምስርና ሽምብራ በየቀለማቸው ለይተዋል። ጋሽ ኦሞድ የውኃ ወለል እንዲህ ንጹህ ሆኖ አያውቅም፣ አዞ የሌለበትስ ምን ውኃ ነው ብለው ሲከራከሩ ቆይተው፣ በስተመጨረሻ ሻርኩን እሳቸው ገጥመዋል።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሽ ታደለ መርከቡን ከቡፌው ላይ በሁለት እጃቸው አንስተው አመጡልኝ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው።

«አባትሽ የጀመረው ጎዶሎ ሆኖ እንዳይቀር ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሟች ስም እንዳይጎዳ ይመስል፣ «ብዙ ስህተት ነበረበት። ሁሉንም አፍርሰን አርመነዋል።»

አየሁት። ፕሮፔለሩ ከኋላ ነው። ኦክቶፐሱ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠላቂው ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ዘበኛ ቆሟል። ቁርጥ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል። አባዬ የነካው አንድም ቦታ የለም።

እኔ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። ጋሽ ታደለን ራሱ ስንቴ መልስ አሳጥቻቸዋለሁ። አሁንም አንድ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብናገረው ኖሮ ዳግም እግራቸው ቤታችን አይደርስም ነበር። ግን እማዬ ከጥግ፣ ከጥቁር ነጠላዋ ውስጥ አየችኝ። ተይ እንደማለት ራሷን ትንሽ ነቀነቀች። እሷም ያወቀችው ሲያልቅ ነው።

«እስቲ አንቺ ደግሞ አርሚን» አሉ ሐጂ ሙሳ። «ከአስር ስንት ትሰጪናለሽ?»

ሦስቱም አዩኝ። የሚወዱት ጓደኛቸው ሞቶባቸው፣ ከሰዓቱን ሙሉ ጎንበስ ብለው... ለእኔ ነው የሠሩት። ክፉ ቢሆኑ እንዴት ይቀል ነበር።

«አስር» አልኩ። «እጃችሁ ይባረክ።»

ጋሽ ታደለ አንዷ ኮራል ትንሽ ስለዘመመች ዘጠኝ ይበቃን ነበር አሉ።

ዛሬ ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ ብቻዬን ተቀመጥኩበት። ፕሮፔለሩን ነቅዬ አፍንጫው ላይ ልተክለው ሞከርኩ። አይዝም፣ ይወድቃል። አባዬ በምን አስያዘው? ኦክቶፐሱን ጣሪያው ላይ ብሰቅለው ተንሸራቶ ወረደ። ጠላቂው ሻርኩ ላይ አልቀመጥ አለ። እግሩን ያጠፈው በየት በኩል እንደነበር ላስታውስ ብል... የአባዬ እጅ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

መመሪያውን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥኩት። አባዬ እንዴት እንደተሳሳተ የሚያሳይ ገጽ የለውም።