ጋሽ ሜትር የቀረጹት አንገት

አናጺውን ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። የታመመ ሊጠይቁ ሄደው እንኳ የበሩን ስፋት ሲለኩ ይገኛሉ። ወሬም ይወዳሉ፤ መሮና ምላሳቸው እኩል ነው የሚሠሩት። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ጉሮሯቸው ውስጥ እጢ በቅሎ ትንፋሽ ያሳጣቸው። ሐኪሞች አንገታቸውን ከፊት በኩል በስተው፣ ትራኪዮስቶሚ በሚሉት ቀዳዳ የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ጠፋ።

በተኙበት ክፍል እንዲህ ያለ ቱቦ ያለው በሽተኛ ገብቶ አያውቅም ነበር። ነርሶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈሩ እንጂ። እሳቸው አልጋ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ይፈጥናል። በልተው እንደሆን፣ ተኝተው እንደሆን የሚጠይቁት ባለቤታቸውን ነው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ምርር ቢላቸው፣ «ጆሮው እኮ ደህና ነው፤ እሱን ጠይቁት» አሉ።

በስድስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቱቦው በደረቀ አክታ ተደፈነ። ጋሽ ሜትር መጮኽ ስላልቻሉ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ደበደቡ። ተረኛው ነርስ ሮጦ መጣና የኦክስጅን ማስኩን አፍና አፍንጫቸው ላይ ደፋው። በዚያ በኩል ግን መንገዱን እጢው ዘግቶታል፤ አየሩ ወደ ሳንባ አልወርድ አለ። ከንፈራቸው ጠቆረ።

ይሄኔ ከጎን ክፍል አንዲት ደቃቃ ነርስ ደረሰች። ስለዚሁ ቱቦ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዳ የተመለሰችው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ማስኩን ወደ አንገታቸው አወረደችው። ቱቦው ድርብ ነውና የውስጠኛውን ጠምዘዝ አድርጋ መዘዘችው፤ የደፈነው ነገር አብሮ ወጣ። የቀረውን በመምጠጫው ማሽን ጠረገች። እጇ ይሠራል፣ ዓይኗ ግን ከዓይናቸው አልተነቀለም።

«አባባ፣ አለሁልዎት። መንገዱ ተከፍቷል፤ ቀስ ብለው ይሳቡ» አለቻቸው።

ሳቡ። አየሩ ገባ።

ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ ቱቦውን እንዴት እንደሚያጥቡ እሳቸውንም ባለቤታቸውንም አስተማረቻቸው። በሕክምና እጢው ቢሟሽሽም መንገዱ እንደጠበበ ስለቀረ ቱቦው አብሯቸው ከረመ። ከወራት በኋላ ግን ቀዳዳውን በጣታቸው ሲከድኑት ሻካራ ድምፅ ይወጣቸው ጀመር። መጀመሪያ የተናገሩት ለባለቤታቸው ነው፤ «ይሄን ሁሉ ወር ብቻሽን አውርተሻል፤ አሁን ተራው የኔ ነው።» ባለቤታቸው ሳቅም ለቅሶም ቀደማቸው።

ምን ልሥራልሽ ብለው ወደ ነርሷ ሄዱ። ለራሷ ምንም አልፈለገችም። የየክፍሉ ነርሶች ሁሉ ሊሠለጥኑ ነው፣ መለማመጃ ግን የለም፣ በሥዕል ብቻ ነው የምናሳየው ብላ አጫወተቻቸው። ጋሽ ሜትር እቤታቸው ገብተው መስታወት ፊት ቆሙና የገዛ አንገታቸውን ለኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረቡ፣ ላጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ከእንጨት የወጣው ራስና አንገት በማጠፊያ ለሁለት ይከፈታል፤ ከፊት የአየሩ መንገድ፣ ከኋላ የምግቡ መንገድ ይታያል። ቀዳዳው እውነተኛ ቱቦ ይቀበላል። ባለቤታቸው ዞር ዞር አድርገው አዩትና «ካንተ ያምራል» አሉ።

በሥልጠናው ቀን ጋሽ ሜትር ከእንጨቱ አንገት አጠገብ ተቀመጡ። ያ ማስኩን የደፋው ነርስም መጥቷል። ተራው ሲደርስ ቱቦውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠውና ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ልገድልዎት ነበር» አላቸው።

ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አሳረፉ።

«ሮጠህ መምጣትህን አልረሳሁም። ያላስተማሩህን ከየት ታመጣዋለህ ልጄ? በል አውጣው፤ መልሰህ ደግሞ አግባው።»

እጁ እስኪለምድ ድረስ ደጋገመው።

ዛሬ ያ ነርስ የጉሮሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነው። አዲስ በሽተኛ ሲገባ፣ ከሁሉ በፊት በሽተኛው የሚጽፍበት ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል አሉ። ይህን የነገረቻቸው ደቃቃዋ ነርስ ናት። ጋሽ ሜትርም ጠዋት ጠዋት ቱቧቸውን እያጠቡ ለሁለቱም ዕድሜ ይለምናሉ።