ሐመልማል ያልፈረመችው ወረቀት

በአርሲ፣ ከሲሬ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ አቶ እንደሻው የሚመሩት የጸጥታ ኮሚቴ በጦርነቱ ሰሞን አንድ መመሪያ አወጣ። ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ከመግባቷ በፊት፣ ባሏ ጫካ አለመግባቱን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌው ማምጣት አለባት። ምጥ ደብዳቤው እስኪጻፍ ይታገሥ እንደሆነ ኮሚቴው አልተወያየበትም። ሰኞ ስብሰባ ነው፣ ማክሰኞ ሥልጠና ነው፣ ኮምባይነር የመጣ ቀን ሊቀ መንበሩ ስንዴያቸው ላይ ናቸው። ቅዳሜና እሑድማ መወለድ ጭራሽ ክልክል ነው ማለት ይቻላል።

ሐመልማል የጤና ጣቢያው ብቸኛ አዋላጅ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዋ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ምጥ ሲበረታባቸው ማርያምን ሲጠሩ ሰምታለች፤ እመቤታችን መታወቂያ ጠይቃ የመለሰቻት ሴት ግን አላጋጠመቻትም። መመሪያውን አንብባ አጣጠፈችውና ከሚወዛወዘው አልጋ እግር ሥር ወሸቀችው። አልጋው ቀጥ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፋጡ እያማጠች መጣች። ባሏ ቱሳ ጫካ መግባቱን የመንደሩ ከብቶች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ሐመልማል ደብዳቤ ሳትጠይቅ አዋለደቻት፤ ቱሳም ሾልኮ ገብቶ፣ ልጁን አይቶ ወጣ።

ወሬው ኮሚቴው ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሚሊሻው ሁሴኖ ባሏን ደብቃለች የተባለችውን ፋጡን እንዲያመጣ ተላከ። ፋጡ ግን ቀነፋዋን፣ የአርሲ አራስ ግንባሯ ላይ የምታስረውን እንጨት፣ አስራ ነበር። ቀነፋ ባሰረች ሴት ፊት ድምፅ እንኳ አይነሣም። ሁሴኖ ጠመንጃውን ከአጥር ውጭ አስደግፎ ገባ፤ የአራስ ገንፎውን በልቶ፣ መርቆ ባዶ እጁን ተመለሰ።

አቶ እንደሻውም እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸውና ባህሉን አላውቅም ማለት አልቻሉም። ስለዚህ ግንባሯ ላይ ምንም ወዳላሰረችው ዞሩ።

ሐመልማል እንደማትዋሽ ያውቃሉ፤ ዘዴያቸውም እሱ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ከጎኑ ቱሳ መምጣቱን የሚመሰክር ወረቀት። ከፈረመች ወረቀቱ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ፋጡም ከነጨቅላዋ እስር ቤት ትወርዳለች። ሐመልማል በጣም ፈርታለች። እጇን መጽሐፉ ላይ አሳረፈች።

«አልዋሽም፤ የመጣውን ሁሉ አይቻለሁ» አለች። «ምጥ ቤት ያየሁትን ግን ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእርስዎም አልነግርም።»

ዝም ማለት በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ ተፈለገ፤ ሲጠፋ ኮሚቴው እዚያው አንቀጽ አጸደቀ። ሐመልማል የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈባት።

ረቡዕ የኮሚቴው ጸሐፊ የዘሪሁን ሚስት፣ ትንቢት፣ ምጥ ያዛት። የድጋፍ ደብዳቤዋን የጻፈው ራሱ ዘሪሁን ነው፤ በቀበሌው ታሪክ እንደዚያ የተሟላ ደብዳቤ አልታየም። የጎደለው አዋላጅ ብቻ ነበር። የአሰላ መንገድ ደግሞ በዚሁ ኮሚቴ ትእዛዝ ተዘግቷል።

አቶ እንደሻው ያንኑ ያልተፈረመ ወረቀት ይዘው መጋዘኑ ደጃፍ ቆሙ፤ መጀመሪያ ትፈርማለች፣ ከዚያ ወጥታ ታዋልዳለች አሉ። ዘሪሁን ከኋላቸው ላብ በላብ ሆኗል። ሐመልማል ከጤና ጣቢያው የሚመጣውን የትንቢትን ጩኸት እየሰማች አለቀሰች፤ እንደማትፈርም ግን ደግማ ተናገረች፣ ወላዷንም ወደ እሷ እንዲያመጡላት ለመነች። መጋዘኑን የሚጠብቀው ሁሴኖ ማንንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተው፤ ትንቢትንም ተሸክመው አስገቧት።

ትንቢት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ሐመልማል እትብቱን ቆርጣ፣ ልጁን ጠቅልላ ለአባቱ አቀበለችው። አቶ እንደሻው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ታሳሪዋ ለመፈረም እምቢ ማለቷን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር ዘሪሁንን አዘዙ።

ዘሪሁን ልጁን በሁለት እጁ እንደታቀፈ ቀና አላለም።

«እጄ ተይዟል፣ ጋሼ» አለ። «እርስዎ ይጻፉት።»

ሐመልማል እጇን ታጥባ በተከፈተው በር ወጣች። የሚያስቆማት አልነበረም።